የንባብ መሣሪያን በፀሐይ ኃይል መሙላት

ጥያቄ፦ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያዬን ከትንሽ የፀሐይ ፓኔል ጋር በቀጥታ አገናኝቼ ብሞላው ይበላሽብኛል?

መልስ፦ ፓኔሉ 5 ቮልት የሚሰጥ የተስተካከለ (ቮልቴጁ የማይዋዥቅ) የዩኤስቢ ማውጫ ካለው አይበላሽም። የማንበቢያው የኤሌክትሮኒክ ቀለም (ኢ-ኢንክ) ስክሪን ኃይል የሚወስደው በዋናነት ገጽ ሲቀየር ስለሆነ፣ የስክሪኑን መብራትና ዋይፋዩን አጥፍተው ለሚያነቡ ሰው ባለ 5 ዋት ፓኔል ከበቂም በላይ ነው። አስቸጋሪው ደመና ነው፤ ብርሃኑ በቀነሰ ቁጥር ኃይሉ ስለሚዋዥቅ፣ አንዳንድ መሣሪያዎች መሙላት ያቆሙና ፀሐይ ስትመለስም በራሳቸው አይቀጥሉም። በእኔ አስተያየት ቀን ፓወር ባንክ ሞልቶ ማታ ማንበቢያውን ከእርሱ መሙላት ይሻላል። የሊቲየም አዮን ባትሪን ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት መሙላት ዕድሜውን ስለሚያሳጥር፣ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ማንበቢያውም ሆነ ፓወር ባንኩ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ።