የአንባቢያን ጥያቄ፦ «አስቸጋሪ ነው» የተባለ ተዋናይ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሱፐርሂሮ ፊልሞችን የሚመለከቱ ናቸው፤ ማን ከማን ተጣላ፣ ማን ተባረረ፣ የማን ጸባይ አያስጠጋም የሚሉ። ስድስቱን መርጠናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ2008 ሀልክን ሆኖ የተወነው ኤድዋርድ ኖርተን በ«ዘ አቬንጀርስ» በማርክ ሩፋሎ የተተካው ጸባዩ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው ይባላል። በዚህ ጉዳይ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን ተከራክረን አልተግባባንም። እውነት ነው?
(ኤ. መ.፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ጸባዩን የሚያውቁት አብረውት የዋሉ ናቸው። እኛ ከውጭ ሆነን ማወቅ የምንችለው ጭቅጭቁ በምን ላይ እንደነበረ ነው፤ እሱም በስክሪፕቱና በፊልሙ ርዝመት ላይ ነው።

ኖርተን ወደ ሥራው የገባው ተዋናይ ብቻ ሆኖ አይደለም፤ ስክሪፕቱንም እንደገና ጽፏል። ፊልሙ ሲወጣ ግን የጸሐፊነቱ ስም የዛክ ፔን ብቻ ሆነ። ይህን የወሰነው ስቱዲዮው ሳይሆን የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር ነው። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ከሌላ ሥራ ተወስዶ በተጻፈ ስክሪፕት ላይ (ከኮሚክ መጽሐፍ የተወሰዱት ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባሉ) ስም ለማግኘት ከ33 በመቶ በላይ አስተዋጽኦ ያስፈልጋል። የሚመዘነውም ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ የታሪኩ አወቃቀር፣ አዲስ የገቡ ትዕይንቶችና የገጸ ባሕርያቱ አሳሳል አብረው ይታያሉ። ስለዚህ አንድ ሰው በየገጹ ያለውን ንግግር ቀይሮም ስሙ ላይወጣ ይችላል። ይህ ለጻፈው ሰው ቀላል ቅሬታ አይደለም።

ኤዲቲንግ ላይ ሲደረስ ደግሞ ኖርተንና ዳይሬክተሩ ሉዊ ለቴርዬ ረዘም ያለ ፊልም ፈለጉ፤ ስቱዲዮው ማርቭል ከሁለት ሰዓት በታች እንዲሆን ፈለገ። የወጣው 112 ደቂቃ ነው። ማን እንዳሸነፈ ከቁጥሩ ይታያል።

«አስቸጋሪ» የሚለው ስም በአደባባይ የተለጠፈበት ግን ከዚያ በኋላ ነው። በሐምሌ 2010 የማርቭሉ ኬቪን ፋይጊ መግለጫ አወጣ። ውሳኔው በፍጹም በገንዘብ ላይ የተመሠረተ እንዳልሆነ፣ ከሌሎቹ ተዋንያን ጋር በትብብር መንፈስ የሚሠራ ሰው እንደሚፈልጉ የሚል ነበር። የኖርተን ወኪል ይህ ሆን ተብሎ የደንበኛውን ስም ለማጉደፍ የተደረገ ነው ሲል መለሰ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መልሱን ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ፒያሳ ደርሳለች። በእኛ እምነት የችግሩ ሥር ሥራው ሲጀመር የመጨረሻው ቃል የማን እንደሆነ በግልጽ አለመለየቱ ነው። በ«አንት ማን» (2015) ፖል ረድም ዋናው ተዋናይ ሆኖ ስክሪፕት ጽፏል፤ ስሙ ከጸሐፊዎቹ ጋር ወጥቷል፣ በሁለተኛው ፊልምም ቀጥሏል። ተዋናይ ብዕር ማንሳቱ በራሱ ጠብ አያመጣም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ባትማን የሆኑ ተዋንያን ለምን ከዳይሬክተር ጋር ይጋጫሉ?
(ከአምባሳደር አካባቢ)

መልስ፦ ሁሉም አልተጋጩም። ምናልባት ያሰቡት ቫል ኪልመርን ይሆናል። «ባትማን ፎርኤቨር» በ1995 ከወጣ በኋላ ዳይሬክተሩ ጆል ሹማከር ኪልመርን እንደ ልጅ የሚሆን፣ የማይቻል ሰው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ኪልመር በበኩሉ በ2021 በወጣው ስለ ሕይወቱ በሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ላይ የባትማን ልብሱን ጉዳይ አንሥቷል። ልብሱ ውስጥ ሲገባ እንደልብ መንቀሳቀስ አይችልም፣ አይሰማም፤ ስለማይሰማም ቆይቶ ሰዎች እሱን ማናገር ይተዋሉ።

ይህን አቅልለን ልናየው አይገባም። የባትማን ልብስ ለብዙ ዓመታት ራሱና አንገቱ አንድ ላይ የተያያዘ ጎማ ነበር። በ1989ኙ ፊልም ማይክል ኪተን አንገቱን ማዞር ስላልቻለ ዞር ማለት ሲፈልግ ከወገቡ በላይ ያለውን አካሉን በሙሉ ያዞር ነበር። ጭንቅላቱ ከአንገቱ ተለይቶ እንዲዞር የተደረገው በ2008ቱ «ዘ ዳርክ ናይት» ነው። ጆሮው የተደፈነ ሰው ዳይሬክተር ሲጠራው ዝም ቢል «ናቀኝ» ይባላል። ሜካፕም እንዲሁ ነው። በ2000 በ«ኤክስ ሜን» ሰማያዊ ቆዳ ያላትን ሚስቲክን የሆነችው ርብቃ ሮሚን ቀለሙን ለመቀባት 8 ሰዓት ያህል ይፈጅባት ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ለመቀረጽ ከምሽቱ 5 ሰዓት ወንበር ላይ መቀመጥ ማለት ነው። እንዲህ ያደረ ሰው ቀን ላይ ቢቆጣ ከጸባዩ በፊት እንቅልፉን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ «በፈጠራ ልዩነት ተለያየን» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
(ሳ.፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ሁለቱም ወገን ዝርዝሩን ላለመናገር የተስማሙበት ቃል ነው። ኤድጋር ራይት «አንት ማን»ን ለዓመታት ሲያዘጋጅ ቆይቶ በግንቦት 2014 ለቀቀ፤ ፔይተን ሪድ ተተካ። ስኮት ዴሪክሰን ሁለተኛውን «ዶክተር ስትሬንጅ» በጥር 2020 ተወ፤ ሳም ራይሚ ያዘው። ብዙ ጊዜ ነገሩ አንድ ነው፦ ዳይሬክተሩ ራሱን የቻለ ፊልም ያስባል፣ ስቱዲዮው ደግሞ ከሌሎቹ ፊልሞች ጋር የሚገጣጠም ክፍል ይፈልጋል። ቃሉ በራሱ የማንንም ጥፋት አያሳይም።

መልቀቅ ሁሉ ጠብ አይደለም ደግሞ። በ«ኤክስ ሜን» ዎልቨሪን እንዲሆን መጀመሪያ የተመረጠው ዱግሬይ ስኮት ነበር፤ «ሚሽን ኢምፖሲብል 2» ቀረጻው ስለተራዘመበት ነው ቦታው ለሂው ጃክማን የሄደው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊልም ድጋሚ መቀረጹን በዓይን መለየት ይቻላል?
(ቴ. ወ.፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ በሚገባ። በመጀመሪያ ጥርት ያለ ኮፒ ይያዙ፤ በስልክ ላይ የተጨመቀ ፋይል የምንነግርዎትን ሁሉ ይደብቃል።

ከፀጉር ይጀምሩ። ድጋሚ ቀረጻ የሚመጣው ከዋናው ቀረጻ ወራት ቆይቶ ነው፤ ተዋናዩ እስከዚያ ለሌላ ሥራ ፀጉሩን ቆርጧል ወይም ጢም አሳድጓል። በ2015ቱ «ፋንታስቲክ ፎር» የኬት ማራ ፀጉር ከትዕይንት ትዕይንት ሲቀያየር የሚታየው በዊግ ምክንያት ነው። የግንባሯን ዳርና የፀጉሩን ቀለም ያስተያዩ። ዳይሬክተሩ ጆሽ ትራንክ ፊልሙ ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው ከዓመት በፊት የተሻለ ቅጂ እንደነበረው ትዊተር ላይ ጽፎ ወዲያው አጠፋው። በ«ጀስቲስ ሊግ» (2017) ደግሞ ሄንሪ ካቪል ለፓራማውንት ፊልም ጢም አሳድጎ ነበር፤ ፓራማውንት አይላጭም ስላለ ጢሙ በኮምፒውተር ተነሣ። የላይኛው ከንፈሩን ይመልከቱ፤ ሲናገር አይታጠፍም።

ቀጥሎ ድምፅ ነው። ሰውየው ጀርባውን ሲሰጥ ወይም ፊቱ ሲሸፈን ብቻ አስረጂ ንግግር ከመጣ፣ በኋላ ተቀድቶ የተጨመረ ድምፅ (ዳቢንግ) ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት ሰዎች ረጅም ሲያወሩ አንድም ጊዜ ፊታቸው በአንድ ሾት ካልታየ አንደኛው ያልነበረ ሊሆን ይችላል። «ሱፐርማን 2» ላይ ሪቻርድ ዶነር ተባሮ ሪቻርድ ሌስተር ሲጨርሰው ጂን ሃክማን አልመለስም አለ፤ በአካልም በድምፅም ተመሳሳይ ሰው ነው የተተካለት።

የክሬዲቱን ምልክት ማንበብም ይለማመዱ። በሁለት ጸሐፊዎች ስም መካከል ያለው የተጠማዘዘው ምልክት (&) አብረው ጻፉ ማለት ነው፤ በፊደል የተጻፈው «ኤንድ» ግን አንዱ ከሌላው ተለይቶ ጻፈ ማለት ነው። በ«ጀስቲስ ሊግ» ስክሪፕት ላይ ክሪስ ቴሪዮና ጆስ ዊደን የተያያዙት በ«ኤንድ» ነው። ዳይሬክተር ተብሎ የተጻፈው ግን ዛክ ስናይደር ብቻ ነው፤ በግንቦት 2017 በልጁ ሞት ምክንያት ከሥራው ቢወጣና ድጋሚ ቀረጻውን ዊደን ቢመራውም።

ድጋሚ ቀረጻ ግን የጠብ ማስረጃ አይደለም። ትልልቅ ስቱዲዮዎች ቀኖቹን ገና ከመጀመሪያው በውሉ ውስጥ ያስይዛሉ።

ጥያቄ፦ ስለ ተዋናይ የሚወራውን የትኛውን እንመን? የዌስሊ ስናይፕስን ነገር እንደ ምሳሌ ውሰዱልኝ።
(ተማሪ፣ ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ ጥሩ ምሳሌ መርጠሻል። በ«ብሌድ ትሪኒቲ» (2004) ቀረጻ ላይ ሆነ የሚባለው አብዛኛው ከአንድ ሰው የመጣ ነው፦ አብሮት ከተወነው ኮሜዲያን ከፓተን ኦስዋልት፣ በ2012። ስናይፕስ ከካራቫኑ አይወጣም ነበር፣ ዳይሬክተሩን ዴቪድ ጎየርን አንቆት ነበር ብሎ ተናገረ። ስናይፕስ በ2020 አላነቅኩም ብሎ አስተባበለ። ከሁለቱም በፊት ግን አንድ ሰነድ አለ፤ ስናይፕስ በ2005 ስቱዲዮውን ከሷል። ሙሉ ክፍያው እንዳልተከፈለውና በውሉ ላይ ከነበረው የመወሰን መብት ውጭ መደረጉን ጠቅሷል። ክስ የአንድ ወገን ቃል ነው፤ ነገር ግን ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቅሬታውም ተቆጥሮ የተቀመጠ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ በቀልድ አዋቂ አንደበት ከተነገረ ታሪክ ጋር እኩል አትመዝኚው።

የ«ጀስቲስ ሊግ»ን ተዋናይ ሬይ ፊሸርንም ተመልከቺ። በሐምሌ 2020 በራሱ ስም ወጥቶ ጆስ ዊደን በ«ጀስቲስ ሊግ» ቀረጻ ላይ ሠራተኞችን አዋርዷል አለ። «ለጉዳዩ ቅርብ የሆነ ምንጭ» ጀርባ አልተደበቀም። የስቱዲዮው ባለቤት ዋርነርሚዲያ አጣርቶ በታኅሣሥ 2020 የማስተካከያ እርምጃ ወስጃለሁ አለ፤ ምን እንደሆነ አልዘረዘረም። በዚያው ፊልም የተወነችው ጋል ጋዶትም ዊደን ሥራዋን እንደሚያበላሽባት ዝቶባት እንደነበር ተናገረች። ዊደን በጥር 2022 አስተባብሏል። እዚህ ላይ ስማቸውን ያወጡ ከአንድ በላይ ሰዎች፣ አንድ ማጣራትና አንድ ማስተባበያ አለን። ስንጽፍ ሁሉንም እናስቀምጣለን፤ አንዱን ከተውን የሰው ስም እናጠፋለን።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ልንሠራ ነው። ከነዚህ ጠቦች ምን ተምረን ውል ላይ እናስገባ?
(ጀማሪ ፕሮዲውሰር፣ ከሜክሲኮ)

መልስ፦ መጀመሪያ የመጨረሻው የኤዲቲንግ ውሳኔ የማን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፉ። በአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማኅበር ስምምነት አንድ የሙሉ ርዝመት (ፊቸር) ፊልም ዳይሬክተር ማንም ሳይገባበት የራሱን ቅጂ ለመሥራት አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 10 ሳምንት አለው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፊልሙ የስቱዲዮው ነው። እናንተም ጊዜውን ወስኑ፤ 4 ሳምንት ሊሆን ይችላል፣ ያለ ቁጥር ግን አትተዉት።

ለተዋናዩ የቀረጻውን ቀን ብዛት፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን፣ ለትርፍ ቀን የሚከፈለውን ብር ጻፉ። 25 ቀን ከሆነ ከመጀመሪያው ኤዲት በኋላ 3 ቀን ለድጋሚ ቀረጻ አስይዙ። እስከዚያ ድረስ ፀጉሩን፣ ጢሙንና ጥፍሩን ያለ ፈቃድ እንዳይለውጥ የሚል አንቀጽ ይግባ። ክፍያው በሦስት ቢከፈል ይሻላል፦ 30 በመቶ ሲፈረም፣ 50 በመቶ በቀረጻው እኩሌታ፣ 20 በመቶ ዳቢንግ ሲያልቅ። ቀብዱን አብዝቶ የከፈለ ፕሮዲውሰር ለዳቢንግ ተዋናይ ሲለምን ይኖራል።

በየትዕይንቱ መጨረሻ እያንዳንዱን ተዋናይ ከፊት፣ ከሁለቱ ጎን፣ ከኋላ ፎቶ አንሡ፤ የትዕይንቱን ቁጥር በወረቀት አስይዙት። ስክሪፕት ሲቀየር ገጹ ላይ ቀንና የቀየረውን ሰው ስም ጻፉ። ነገ «እኔ ነኝ የጻፍኩት» የሚል ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው፤ የቅጂ መብት አዋጁ (410/1996፣ ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ደራሲ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል።

የሚታይበትን ቦታ ደግሞ ለይታችሁ ቁጠሩ፦ ሲኒማ፣ ቴሌቪዥን፣ ዩቲዩብ። ስካርሌት ዮሐንሰን በሐምሌ 2021 ዲዝኒን የከሰሰችው ክፍያዋ ከሲኒማ ገቢ ጋር ተያይዞ ሳለ «ብላክ ዊዶው» ሲኒማ በገባበት ቀን በዲዝኒ የኢንተርኔት ማሳያ በዲዝኒ ፕላስም ስለተለቀቀ ነው፤ በመስከረም ተስማሙ። እናንተ ጋር ተዋናዩ ከመግቢያ ትኬት ድርሻ ካለው ፊልሙ ዩቲዩብ ላይ የሚጫንበትን ቀን፣ ለምሳሌ ከሲኒማ ከወረደ ከ6 ወር በኋላ፣ አስቀድማችሁ አስፍሩ። በፖስተሩ ላይ የስም ቅደም ተከተልና የፊደል መጠንም አይረሳ፤ ፕሪሚየር ማታ ቀይ ምንጣፍ ላይ የሚነሣው ኩርፊያ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው።

ውሉን ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ እንዲሆን ግድ ለሆነ ውል የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ምስክሮቹ ከቀረጻ ቡድኑ (ከክሩው) ውጭ ያሉ ሰዎች ይሁኑ። አንድ ኮፒ ለተዋናዩ የሚሰጠውም በፈረመበት ቀን ነው፤ «ነገ ቢሮ መጥተህ ውሰድ» አትበሉት።