ለወጣት በያጆች፦ የብየዳ ጠረጴዛችሁን ገበታ ስትመርጡ

ጓሯችሁ ውስጥ ወይም ከመኪና ማቆሚያው ጥግ ትንሽ ወርክሾፕ ልትከፍቱ ያሰባችሁ ልጆች፣ የብየዳ ማሽኑን ገዝታችኋል፣ ጭምብሉንና ጓንቱንም አሟልታችኋል እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጠረጴዛ ነው። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ የተገኘውን ላሜራ በተገኘው እግር ላይ ታሳርፉና ወደ ሥራ ትገባላችሁ። ከዚያ በስኳድራ ተለክቶ የተበየደው የመስኮት ፍሬም ግድግዳ ላይ ሲገጠም አንድ ጥጉ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ይቀራል፤ በያጁም ኤሌክትሮዱን ይረግማል። ስኳድራ የሚያረጋግጠው ማዕዘኑ 90 ዲግሪ መሆኑን ብቻ ነው። አራቱ ጥጎች በአንድ ደረጃ መተኛታቸውን የሚወስነው የተኙበት ብረት ነው።

ስለዚህ ከገበታ የሚፈለገው ዋና ነገር ዝርግነት ነው፤ በተገዛበት ቀንም፣ ከዓመት ሥራ በኋላም። ውፍረቱን፣ ዓይነቱንና አገጣጠሙን የምንመርጠው ለዚሁ ነው።

3 ሚሊ ላሜራ ርካሽና ቀላል ስለሆነ ያጓጓል። የብየዳ ሙቀት ያረፈበት ቦታ ግን መስፋት ይፈልጋል፣ ዙሪያው ያለው ቀዝቃዛ ብረት ደግሞ አላሰፋ ይለዋል። የጋለው ክፍል በራሱ ላይ ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ከቀድሞው ያጥርና አካባቢውን ይጎትታል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ስስ ላሜራ ሆዱ ያብጣል፣ ስትጫኑት ቦም እያለ ይገለበጣል። ለኤሌክትሮድ ብየዳ ዝቅተኛው 6 ሚሊ ነው፤ እሱም ከሥሩ በየ30 ሳንቲሜትሩ ደጋፊ ካለው። በር፣ መስኮት፣ አጥርና የቤት ዕቃ ለሚሠራ ሰው 8 ወይም 10 ሚሊ ይበቃዋል። ከ12 በላይ መሄድ የመኪና ሻንሲ ወይም የከባድ ማሽን አካል ለሚበይድ እንጂ ለጓሮ ወርክሾፕ ገንዘብ ማባከን ነው።

ብረት ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው 8 እጥፍ ይሆናል። ከ6 ወደ 10 ሚሊ ስትወጡ ክብደቱም ዋጋውም ወደ 1.7 እጥፍ ገደማ ያድጋል፣ ለመታጠፍ ያለው እምቢታ ግን ከ4 እጥፍ ተኩል በላይ ነው። ከ6 ሚሊው ላይ ትንሽ ጨምሩ የምለው ለዚህ ነው፤ ገንዘብ መቆጠብ ካስፈለገ ከእግሩ ቆጥቡ።

ገበያ ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን ስሌት ያዙ፦ ርዝመት በሜትር፣ ሲባዛ ወርድ በሜትር፣ ሲባዛ ውፍረት በሚሊ፣ ሲባዛ 7.85፤ የሚወጣው ኪሎ ነው። 1.20 ሜትር በ60 ሳንቲሜትር የሆነ ገበታ በ6 ሚሊ 34 ኪሎ፣ በ8 ሚሊ 45፣ በ10 ሚሊ 56 ተኩል፣ በ12 ሚሊ 68 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሻጩ «8 ነው» ብሎ ሚዛኑ ከ45 ብዙ ካነሰ፣ ብረቱ በስም ብቻ ነው 8 የሆነው። ውፍረት የሚለካውን ካሊፐር ይዛችሁ ሂዱና ከተቆረጠው ጠርዝ ትንሽ ገባ ብላችሁ ለኩ፤ ጠርዙ ላይ በመቁረጫ የተነሳው ስለት ውፍረቱን ያሳብጠዋል።

1 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሙሉ የ10 ሚሊ ላሜራ 157 ኪሎ ነው፤ ለአንድ ጀማሪ ይከብዳል። ሦስት ጓደኛሞች ተዋጥታችሁ ብትገዙት ግን ለእያንዳንዳችሁ 1 ሜትር በ66 ሳንቲሜትር ይደርሳል፣ ቁርጥራጭም አይተርፍም። ሲቆረጥ በትልቁ የላሜራ መቁረጫ ማሽን ወይም በግራይንደር ይሁን። በኦክሲጅንና አሲቲሊን የተቆረጠ ጠርዝ በአንድ ወገን ብቻ ስለሚግል ገና ሥራ ሳይጀምር ሊጎብጥ ይችላል።

ለቤት ወርክሾፕ እኔ የማስበልጠው ግን ሙሉ ላሜራውን አይደለም። ፍላት ባር ከሚባለው ጠፍጣፋ ብረት 100 በ10 ሚሊ የሆነውን አንድ ዘንግ ግዙ። 6 ሜትር ስለሆነ አምስት ቦታ ይቆረጣል፤ ዲስኩ የሚበላውን ታሳቢ አድርጋችሁ እያንዳንዱን 1.19 ሜትር አድርጉት። በመካከላቸው 25 ሚሊ ክፍተት እየተዋችሁ ስትደረድሯቸው ልክ 60 ሳንቲሜትር ወርድ ይሰጣችኋል። ክብደቱ 47 ኪሎ ገደማ ነው። ክፍተቱ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ዕቃውን አጥብቆ የሚይዘው ክላምፕ በጠርዝ ብቻ ሳይሆን በፈለጋችሁበት መሀል ይገባል፣ የተከረከመው ቅርፊትና ፍንጣሪ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ ዘንግ ቢበላሽ ያንኑ ብቻ ፈትታችሁ ትቀይራላችሁ። ትንንሽ ቁርጥራጭ እየሾለከ መውደቁ ያበሳጫል፤ ከሥር የቆርቆሮ ሳህን ማስቀመጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደጋፊዎቹ ብዛት ነው። አንድ ባለ 100 በ10 ዘንግ 1 ሜትር በተራራቁ ሁለት ደጋፊዎች ላይ ተኝቶ መሀሉ ላይ 50 ኪሎ ቢጫንበት 6 ሚሊ ያህል ይወርዳል። ደጋፊዎቹን በ37 ሳንቲሜትር ርቀት ብታደርጓቸው ግን ያው ጭነት የሚያወርደው አንድ ሦስተኛ ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ከ50 በ50 በ3 ሚሊ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) አራት አግዳሚ ይኑራችሁ፤ የዳሮቹ አግዳሚዎች ከዘንጉ ጫፍ 5 ሳንቲሜትር ገባ ይበሉ፣ ለክላምፕ መንጠልጠያ ጠርዝ እንዲተርፍ።

የምትገዙበት ቦታ አዲስ ብረት የሚሸጥ መደብር ሊሆን ይችላል፣ ውራጅ የሚሸጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራም ሊሆን ይችላል። ውራጅ ብረት መጥፎ አይደለም፤ ሳይፈተሽ የተገዛ ውራጅ ነው መጥፎው። ሁለት ክር ይዛችሁ ሂዱ። ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጋችሁ ወጥሩ፤ መሀል ላይ ሳይገፋፉ በስሱ መነካካት አለባቸው። ከዚያ የላዩን ወደ ታች አዛውራችሁ ድገሙት። በአንዱ ጊዜ ክፍተት፣ በሌላው ጊዜ መገፋፋት ካያችሁ ላሜራው ተጠማዟል። ለጉብጠት ደግሞ ቀጥ ያለ ቱቦላሬ በጎኑ አስተኝታችሁ ብርሃን ከየት እንደሚያሾልክ ተመልከቱ። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ስንት ወረቀት እንደሚገባ ቆጥራችሁ ክፍተቱን ታውቃላችሁ። ለበርና መስኮት ሥራ በ1 ሜትር እስከ 1 ሚሊ ይፈቀዳል። ወጥ የሆነ ትንሽ ጉብጠት በቡሎን ተስቦ ይስተካከላል፤ በወፍራም ላሜራ ላይ ያለ ጥምዘዛ ግን ዓመቱን ሙሉ ያታግላችኋል፣ እንዳትገዙት።

ዚንክ የተቀባ ብረት ለገበታ አይሁን። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፣ የብየዳው ቅስት (ከኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ብልጭታ) ሙቀት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል፤ ወተት መጠጣትም አይከላከለውም። ጉብጉብ ያለው የመኪና ወለል ላሜራ ሥራ አያስተኛም፤ ተገልብጦ ቢሠራበት ይሻላል፣ ዝርግነቱን ፈትሹ እንጂ። የተለመደው አይዝጌ ብረት ሲሞቅ የሚሰፋው ከተራው ብረት አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ ስለሆነ ይበልጥ ይጣመማል፣ ማግኔታችሁንም አይዝም። ከአሮጌ ማሽን የተገኘ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ገበታ በዝርግነቱ ግሩም ነው፤ ነገር ግን ዕቃ በነጥብ ብየዳ ልታስሩበት ብትሞክሩ ይሰነጠቃል። የሎደር ባልዲ ማልበሻ ብረት ደግሞ ከጥንካሬው የተነሳ መብሻው ትራፓኖ አይነክሰውም። የነዳጅ በርሜል ቆርጦ ገበታ ማድረግን ግን ጨርሶ እርሱት። ላሜራው ስስ ነው፤ ባዶ የመሰለው በርሜል ውስጥ የቀረው ትነት ደግሞ በእሳት ሲነካ ይፈነዳል፣ ሰው ይገድላል።

ዝርግ ብረት አግኝታችሁ አምጥታችሁ ዙሪያውን ከፍሬሙ ጋር ከበየዳችሁት ድካማችሁ ከንቱ ነው። የብየዳው ስፌት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ገበታውንም ይዞ ይሄዳል። በቡሎን እሰሩት። ለ10 ሚሊ ብረት ጭንቅላቱ ሰምጦ የሚገባ ባለ 10 ሚሊ ቡሎን ይሆናል፤ ቀዳዳው 10 ሚሊ ተኩል ይሁን፣ አፉም የቡሎኑ ጭንቅላት ከገጹ በታች እስኪሰምጥ ይስፋ። ለ6 ሚሊ ላሜራ ግን ይህ ጭንቅላት ውፍረቱን ሊጨርሰው ምንም አይቀረውም፤ ባለ 8 ሚሊ ቡሎን ተጠቀሙ። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ ብቻ አስገቡ፣ ገጹን በቀጥታ ቱቦላሬ ፈትሹ፣ ዝቅ ባለበት ቦታ በፍሬሙና በገበታው መካከል የስስ ቆርቆሮ ቁራጭ አስገቡ፣ ከዚያ ከመሀል ወደ ዳር እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ጠብቆ ሲያልቅ በክሩ እንደገና ፈትሹ። የግድ ብየዳ ካስፈለገ ከሥር በኩል፣ በየ30 ሳንቲሜትሩ 3 ሳንቲሜትር ብቻ፣ በተቃራኒ ጥጎች እየተዘዋወራችሁና እያቀዘቀዛችሁ።

ከፋብሪካ የወጣ ብረት የለበሰው ጥቁር ልባስ ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ቅስቱ የሚቆራረጥባችሁ አንዳንዴ በዚህ ነው። የመመለሻ ገመዱ መቆንጠጫ የሚያርፍበትን 5 በ5 ሳንቲሜትር ያህል ቦታ በግራይንደር እስኪያበራ ጥረጉ፣ መቆንጠጫውንም ከእግሩ ሳይሆን ከገበታው ላይ ያዙት። በቡሎንና በቆርቆሮ ቁራጭ ውስጥ የሚያልፍ ኃይል እዚያው ያበራል፣ ይግላል። በዘንግ የተሠራ ገበታ ላይ አምስቱ ዘንጎች እርስ በርስ በደንብ ላይገናኙ ስለሚችሉ መቆንጠጫውን በቀጥታ በሚበየደው ዕቃ ላይ ማድረግ ይሻላል። ዕቃ ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ ካሰራችሁ በሱ በኩል ኃይል አታሳልፉ፤ ጥርሱና ክሩ ይቃጠላል። የኤሌክትሮድ መያዣውንም ገበታው ላይ አትጣሉት፤ በጎን በኩል የእንጨት ማንጠልጠያ አብጁለት።

ፍንጣሪ እንዳይጣበቅ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ገጹን በዘይት በራሰ ጨርቅ ስስ አድርጋችሁ አብሱ፤ ዘይቱ ከዕቃው መገጣጠሚያ እንዳይደርስ ብቻ ተጠንቀቁ፣ ስፌቱን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። ከዝገትም ይጠብቃል። የተጣበቀውን በጠፍጣፋ መሮ ግፉት እንጂ በግራይንደር አትፍጩት፤ ዲስክ በየቀኑ የሚቆፍረው ጎድጓዳ ከሙቀት ጥምመት የባሰ ነው።

2.10 በ0.90 የሆነ በር በዚህ ገበታ ላይ እንደማይተኛ ታውቃላችሁ። ለእሱ ብላችሁ ትልቅ ላሜራ አትግዙ። ከአንጎላሬና ከቱቦላሬ ዕቃ የሚያርፍባቸው ሁለት ካቫሌቶ (ባለ እግር መደገፊያ) ሥሩ፤ እግራቸው ሥር ዳዶ (የቡሎን ማሰሪያ) በይዳችሁ ረጅም ቡሎን ብታስገቡበት ከፍታቸውን ከጠረጴዛው ጋር፣ ማለትም ከ85 እስከ 90 ሳንቲሜትር፣ በአንድ ቁልፍ ታስተካክላላችሁ። በሩን ከማስተኛታችሁ በፊት ያንኑ ክር ከካቫሌቶ እስከ ካቫሌቶ በሰያፍ ወጥሩ።