ከመጋዘኑ በር እስከ ጣርማ በር፦ የክትባት መኪናው ሣጥን ለምን ይጠፋል?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ክትባትና ኢንሱሊን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያመላልስ ማቀዝቀዣ ያለው አይሱዙ ላይ የሙቀት መከታተያ ሣጥን ሠርቼ ገጥሜያለሁ። አንጎሉ ኢኤስፒ32 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፤ በሲም የሚልክ ሲም800ኤል ሞደምና ሁለት ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰር አለው። መጋዘን ውስጥ በዋይፋይ፣ መንገድ ላይ በሲም ዳታ፣ በየደቂቃው ኤምኪውቲቲ በተባለው የመልእክት መላኪያ ደንብ ወደ ሰርቨር ይልካል። ችግሩ መኪናው ከግቢ ሲወጣ ለ20 ደቂቃ ያህል ምንም አይመጣም። ከደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በር አካባቢ ይጠፋና ሸዋ ሮቢት ሲቃረብ ይመለሳል፤ መሀሉ አንድ ሰዓት ያህል ባዶ ነው። አንዳንድ ሌሊት ደግሞ መንገድ ላይ እያለ 85 ዲግሪ ብሎ ሁላችንንም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሰናል። አንቴና ልቀይር ወይስ ሞደም?»

ወንድሜ፣ አንቴናውንም ሞደሙንም ገና አትንካ። የጻፍክልኝ ሦስት ችግር ነው፤ ሥሩ ግን አንድ ሐሳብ ይመስለኛል። ሣጥኑን የሠራኸው ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ይጠፋል ብለህ ነው። የሚንቀሳቀስ መኪና ላይ ይህን ገልብጠው። ኔትወርክ የለም፣ አልፎ አልፎ ይገኛል ብለህ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የምትጽፈው ኮድ ሌላ ኮድ ይሆናል።

ነገሩን አክብጄ የማየው የምትጭነው ዕቃ ክትባት ስለሆነ ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሀል መቆየት አለበት። ብዙ ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ብቻ ነው፤ የሄፓታይተስ ቢን፣ የቴታነስንና የመሳሰሉትን ክትባቶች ግን ብርዱም በረዶ ካደረጋቸው ይገድላቸዋል። ኢንሱሊንም በረዶ ከሠራ በኋላ አይታመንም። ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ቀለም የሚቀይር ምልክት ሙቀትን ያሳያል እንጂ በረዶ መሥራትን አያሳይም። ስለዚህ ጣርማ በር ላይ የጠፋብህ አንድ ሰዓት፣ ከዳገቱ በላይ ብርድ በሚበረታበት ቦታ፣ ማንም በዓይኑ አይቶ ሊመልሰው የማይችል አንድ ሰዓት ነው።

ከ85 ልጀምር፤ ሌላውን የሚፈታልን እሱ ነውና። ዲኤስ18ቢ20 ኤሌክትሪክ ሲያገኝ መዝገቡ ላይ የሚቀመጠው የመጀመሪያ ቁጥር 85 ነው። ሴንሰሩ ገና አልለካሁም ማለቱ ነው። በ12 ቢት ለመለካት እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ይፈልጋል፤ ከዚያ በፊት ከጠየቅኸው ወይም መሀል ላይ ኃይል ተቋርጦበት ከተመለሰ 85 ይሰጥሃል። የስሕተት ማጣሪያ ቁጥሩም ትክክል ሆኖ ስለሚወጣ ኮድህ ሳይጠራጠር ይቀበለዋል።

ታዲያ ለምን መጋዘን ውስጥ አይታይም? እዚህ ላይ ሞደሙን ተመልከት። ሲም800ኤል ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ይፈልጋል፤ ሲልክ ደግሞ እስከ 2 አምፔር የሚደርስ ጉርሻ ይጎርሳል። የ2ጂ አሠራር እንዲህ ነው፦ በየ4.6 ሚሊ ሰከንዱ ከግማሽ ሚሊ ሰከንድ ጥቂት ለሚበልጥ ጊዜ ብቻ ይጮሃል። ማማው ቅርብ ሲሆን ቀስ ብሎ ይናገራል። ማማው ሲርቅ «አልሰማህም፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ» ይባላል፤ ያን ጊዜ እስከ 2 ዋት ይወጣል። የኃይል መስመርህ ደካማ ከሆነ በእያንዳንዱ ጩኸት ቮልቱ ይወድቃል። ሴንሰሩ ከዚያው መስመር ስለሚጠጣ እንደገና ይነሣና 85 ይላል። ሲብስ ኢኤስፒ32ም ራሱን ሪሴት ያደርጋል፤ ራም ላይ የያዝኸው ንባብ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ዳገቱ ላይ የሚደክመው ሲግናሉ ብቻ ሳይሆን ቮልቱም ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ለሞደሙ የራሱ የቮልት መቀነሻ ስጠው፤ ከመኪናው 24 ቮልት ወደ 4.0 ቮልት የሚያወርድና 3 አምፔር የሚችል። 1000 ማይክሮፋራድ ጥሩ ካፓሲተር ከሞደሙ እግር ሥር አስጠጋ፤ አንድ ስንዝር ርቆ የተቀመጠ ካፓሲተር ብዙም አይጠቅምህም። ኢኤስፒ32ንና ሴንሰሮቹን በሌላ መቀነሻ መግብ፤ ኔጋቲቩ ብቻ የጋራ ይሁን። ለሙከራ የምንጠቀምበት ቀጭን ጃምፐር ሽቦ መኪና ላይ ቦታ የለውም። ከመኪናው ባትሪ ስትነሣ ፊውዝና ድንገተኛ የቮልት ዝላይ የሚቆርጥ ዳዮድ አስቀድም፤ የዲናሞ መስመር ጨዋ አይደለም። ኮዱ ላይ ደግሞ 85 ሲመጣ አንድ ሰከንድ ጠብቀህ እንደገና ለካ። ከደገመ «የሴንሰር ስሕተት» ብለህ መዝግበው እንጂ በሙቀት ዓምድ አታስገባው። የሴንሰሩ ላይብረሪ ሴንሰር ሲነቀል የሚሰጠውን −127ንም እንዲሁ።

ወደ ግቢው በር እንመለስ። መኪናው ሲወጣ ዋይፋዩ ወዲያው አይቆረጥም። ሣጥኑ የራውተሩን ምልክት ከሩቅ ይሰማል፤ እሱ የሚልከው ግን አይደርስም። ተገናኝቻለሁ ብሎ ስለሚያምን ወደ ሲም አይሻገርም። ኤምኪውቲቲ ዝምታን የሚያውቀው በኪፕ አላይቭ፣ ማለትም ዝምታን ምን ያህል እንደሚታገሥ በሚወስነው የጊዜ ገደብ ነው፤ ብዙዎቻችን ዳታ ለመቆጠብ ብለን ኪፕ አላይቩን እናስረዝመዋለን። 10 ደቂቃ አድርገኸው ከሆነ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፣ ከዚያ «አለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ አለመምጣቱን ለማመን ሌላ 10 ደቂቃ ይሄዳል። የአንተ 20 ደቂቃ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ ኮድህን ክፈትና ቁጥሩን እይ።

ከተሻገረ በኋላም የድሮውን ግንኙነት ይዞ መቀጠል አይችልም። የቲሲፒ ግንኙነት የሚታወቀው በሁለቱ ወገን አይፒ አድራሻና በሁለቱ ወገን የፖርት ቁጥር ነው። ከዋይፋይ ወደ ሲም ስትዘዋወር የአንተ አይፒ ተቀየረ፤ አሮጌው ግንኙነት ሞተ፤ መሞቱን ለሰርቨሩ የነገረው ግን የለም። አድራሻ ይዞ ለመንቀሳቀስ ሞባይል አይፒ የሚባል ደንብ ከተጻፈ ቆይቷል፤ አዲሱ የኢንተርኔት ግንኙነት ደንብ ክዊክም በ2021 ሲጸድቅ ግንኙነትን በአድራሻ ሳይሆን በመለያ ቁጥር እንዲያውቅ ተደርጎ ነው። ለአንተ ሣጥን ሁለቱም አያስፈልጉም። ራስህ ቁረጥና ራስህ እንደ አዲስ ተገናኝ። ኪፕ አላይቩን ወደ 60 ሰከንድ አውርደው። የመሣሪያው መለያ ስም ቋሚ ይሁን፤ በየግንኙነቱ በዘፈቀደ ስም ከገባህ ሰርቨሩ ያቆየልህ ነገር ይጠፋል፣ አሮጌው ሬሳም እዚያው ይቆያል። በቋሚ ስም ስትገባ አሮጌውን ሰርቨሩ ራሱ ያስወጣዋል። በሌላው መኪና ላይ ግን ያንኑ ስም ገልብጠህ እንዳትጭን፤ ሁለቱ እየተገፋፉ ሲወጡና ሲገቡ ያድራሉ።

መቼ ይሻገር ለሚለው ሣጥኑ ያለበትን ሁኔታ ማወቅ አለበት። የዋይፋይ ጥንካሬ ብቻውን ውሸታም ምስክር ነው፤ አንድ ትልቅ መኪና መሀል ሲቆም ይወርዳል፣ ሲሄድ ይወጣል። እኔ ሦስት ምስክር እጠይቃለሁ። አንዱ የባትሪው ቮልት ነው፦ ባለ 24 ቮልት መኪና ሞተሩ ሲጠፋ ወደ 25 ይሆናል፣ ሲነሣ ወደ 28 ይወጣል። ሁለተኛው ርካሽ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ነው። ሦስተኛው የመጋዘኑ ዋይፋይ ስም መታየቱ ነው። ሞተር ተነሥቶ መኪናው ሲንቀሳቀስና ዋይፋዩ ከ−75 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ወደ ዜሮ ሲቀርብ ይጠነክራል) በታች ለ10 ሰከንድ ሲቆይ፣ ሣጥኑ ዋይፋዩን በገዛ እጁ ዘግቶ ሲሙን ያስነሣ። ሲመለስ ግን ከ−65 በላይ ለአንድ ደቂቃ ካልሰማና መኪናው ካልቆመ ወደ ዋይፋይ አይመለስ። መውጫውና መግቢያው አንድ ቁጥር ከሆኑ በሩ ላይ ሲወዛወዝ ይውላል። ቁጥሮቹን በእኔ አትመን፤ ግቢህ ውስጥ እየዞርህ ለካና አስተካክል።

አሁን ወደ ባዶው ሰዓት። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት የአርዱዊኖ ፐብሰብክላየንት ላይብረሪ ሲልክ ዋስትና በሌለው በዜሮ ደረጃ ብቻ ነው፤ ከላከ በኋላ ደረሰ አልደረሰ አያውቅም። ኤምኪውቲቲ በ1999 ሲጀመር ለነዳጅ ቧንቧ ነበር፤ መልእክቱ በሳተላይት የሚሄድበት ጠባብ መስመር ላይ እንዲሠራ ታስቦ። ጠባብነትን ይችላል፤ የጠፋህን ንባብ ግን አንተው ካላስቀመጥህለት ከየትም አያመጣልህም።

ስለዚህ እያንዳንዱ ንባብ መጀመሪያ ኃይል ሲቋረጥም በማይጠፋው ማኅደር፣ በፍላሹ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ይላክ። አንዱን ንባብ በ16 ባይት መቋጠር ትችላለህ፦ ተራ ቁጥር፣ ሰዓት፣ ሁለት ሙቀት፣ የባትሪ ቮልት፣ የበር ሁኔታ። የፍላሹ አንድ ክፍል 4096 ባይት ነው፤ 256 ንባብ ይይዛል። ከ4 ሜጋባይቱ 1 ሜጋባይት ብትለይ 65,536 ንባብ ይገባል፤ በየደቂቃው ቢሆን 45 ቀን ነው። ሲሞላ ከመጀመሪያው እየዞረ ይጻፍ። እንዲህ አንድ ክፍል የሚጠረገው በ45 ቀን አንዴ ስለሆነ ፍላሹ ያልቅብኛል ብለህ አትስጋ።

ሰርቨሩ ደግሞ መልስ ይስጥ። «እስከ 4812 ሳይቋረጥ ደርሶኛል» ይበል፤ ሣጥኑ ከ4813 ጀምሮ ይላክ። ይህ በየትኛውም ላይብረሪ ይሠራል፣ በተጠራጠርህ ጊዜም በዓይንህ ቆጥረህ ታረጋግጠዋለህ። በጉዞ ላይ በየ10 ደቂቃው አሥር አሥሩን አስረህ ላክ። መላኩን አዘግይ፣ መለካቱን ግን በፍጹም አታዘግይ።

ሰዓቱን ሰርቨሩ ሲቀበል የሚለጥፍ ከሆነ ሸዋ ሮቢት ላይ የሚጎርፈው የአንድ ሰዓት ንባብ ሁሉ የአንድ ደቂቃ ይመስላል። ዲኤስ3231 የሰዓት ቺፕ ጨምርበት፤ በዓመት ቢበዛ አንድ ደቂቃ ያህል ነው የሚስተው። በውስጥ በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ አስቀምጥ። ለሾፌሩ ስታሳይ ግን በእኛ ሰዓት አሳየው። አንድ ጊዜ አንድ ድርጅት ውስጥ «3:00» የሚል ማንቂያ መጥቶ አንዱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲል ሌላው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲል፣ የትኛው ጭነት እንደተበላሸ ሳይለይ ግማሽ ቀን አልፏል። ከዩቲሲ ላይ 3 ሰዓት ብትቀንስ የእኛ ሰዓት ነው፤ አንድ መስመር ኮድ ነው።

ኔትወርክ የሚጠፋባቸውን ቦታዎች ሣጥኑ ራሱ ይማር። ጂፒኤስ ካለው ያልተላከበትን ቦታ ይመዝግብ፤ ከአራት አምስት ጉዞ በኋላ መንገዱን ያውቀዋል። እዚያ ሲደርስ በየሰከንዱ እየጮኸ ባትሪና ቮልት አይጨርስ፤ 15 ሰከንድ፣ 30፣ አንድ ደቂቃ እያለ እስከ 5 ደቂቃ ያርቅ። ሲግናል ወደሚያውቅበት ቦታ ሲደርስ ግን ተራ ሳይጠብቅ ይሞክር።

አሁን ለእኔ ዋናው። ማንቂያህ የሚሄደው ወደ ሰርቨር፣ ከሰርቨር ወደ እናንተ ስልክ ነው። እናንተ ደሴና አዲስ አበባ ናችሁ፤ የማቀዝቀዣውን በር መዝጋት የሚችለው ሾፌሩ ነው። ጋቢና ውስጥ ጩኸትና ቀይ መብራት አድርግለት፤ ያለ ምንም ኔትወርክ የሚሠራ። ውሳኔው ሁኔታውን ይይ፦ መኪናው ቆሞ ጤና ጣቢያ ሲያራግፍ በሩ ለጥቂት ደቂቃ ቢከፈት ዝም ይበል፤ እየሄደ ከተከፈተ ወዲያው ይጩህ። ሙቀቱ ከ2 በታች ሲወርድ ከ8 በላይ ሲወጣ ከሚሰጠው ድምፅ የተለየ ድምፅ ይስጥ። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ማርክ ዋይዘር በ1991 ኮምፒውተር ከሰው ዓይን ተሰውሮ በዕቃው ውስጥ ይሠራል ብሎ ሲጽፍ፣ እንዲህ ያለውን ሾፌር ቁልፍ የማያስነካ ሣጥን ነበር ያሰበው ብዬ አምናለሁ። ለእናንተ ደግሞ ዳታ ሲጠፋ ማንቂያውን በኤስኤምኤስ ሞክር፤ በሌላ መስመር ስለሚሄድ ዳታ በማይከፈትበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ሣጥኑንና አንቴናውን ከማቀዝቀዣው ቆርቆሮ ውጭ፣ ጋቢና ውስጥ አድርግ፤ የሴንሰሩ ሽቦ ብቻ ይግባ። ሴንሰሩን በአየር ላይ አታንጠልጥለው፤ ግላይኮል የተባለ ፈሳሽ በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ከተተህ ከክትባቱ አጠገብ አስቀምጥ። በር በተከፈተ ቁጥር የሚዘለውን አየር ሳይሆን ክትባቱ የሚሰማውን ትለካለህ።

ወደ ደሴ ከመላክህ በፊት ግቢ ውስጥ ፈትነው። ዋይፋዩን ዝጋ፤ የሞደሙን አንቴና ንቀልና ክዳን ባለው የብረት ድስት ውስጥ ሞደሙን አስቀምጥ፤ አንድ ሰዓት ተወው። መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ኃይሉን ቁረጥ። ከዚያ አውጣውና ሰርቨሩ ላይ ተራ ቁጥሮቹን ቁጠር፤ አንድም ቁጥር መጉደል የለበትም፤ ኃይል በተቆረጠበት ጊዜ ክፍተት መታየት ያለበት በንባቦቹ ሰዓት ላይ ብቻ ነው። ካለፈ መኪናው ላይ ግጠመውና አንድ ሙሉ ጉዞ ይሂድ። ሲመለስ የቮልቱን ዓምድና የሲግናሉን ዓምድ ጎን ለጎን አድርገህ ላክልኝ። ጣርማ በር ላይ ቮልቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ያን ጊዜ ስለ አንቴና እንነጋገራለን።