ፎርሙን የጠየቀኝ ልጅ

በመጪው ሴሚስተር አዲስ ገቢዎችን ለመደገፍ የተመዘገባችሁ ነባር ተማሪዎች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ እንደናንተ ያሉትን ማሠልጠን ነበር። ሥልጠናው ላይ መምሪያ ይሰጣችኋል። የምዝገባ ቀን፣ የአድና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመርና የመተው) ደንብ፣ የቢሮዎች ስልክ ሁሉ እዚያ ስላለ እሱን አልደግመውም። የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ልጅ ነው።

ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ እኔም እንደናንተ የአዲስ ገቢዎች ደጋፊ፣ ማለትም ሜንተር፣ ነበርኩ። ያኔ ሥልጠና የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጥሩ ውጤት ያለውና ከሰው የሚግባባ ከተገኘ ይበቃል። አንድ ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ከተመደቡልኝ ልጆች አንዱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። «የዊዝድሮዋል ፎርም የት ነው የሚገኘው?» አለኝ፤ ትምህርት አቋርጦ ለመውጣት የሚሞላውን ማለቱ ነው። ደስ እያለኝ መለስኩለት። ሬጅስትራር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሦስተኛው መስኮት፤ ጠዋት ከሄድክ ሰልፍ የለም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊውን ፊርማ ግን አስቀድመህ ያዝ። ይባስ ብዬ ከደብተሬ ወረቀት ቀድጄ መንገዱን ሳልኩለት። አመስግኖኝ ሄደ። በሳምንቱ ዶርሙ ስሄድ አልጋው ላይ ፍራሹ ብቻ ቀርቷል።

«ምን ገጠመህ?» አላልኩትም። ብለው ኖሮ ይቀር ነበር ብዬ አልፎክርም፤ መሄዱ ለእሱ የተሻለ ሊሆንም ይችላል። እስከዛሬ የሚከነክነኝ ወረቀቱን ስሰጠው የተሰማኝ ኩራት ነው። ጎበዝ ሜንተር የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

እናንተም ይህን ማድረጋችሁ አይቀርም። ማወቅ ያስቸኩላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ኒውተን የተባለች የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ አንድ ቀላል ሙከራ ሠርታ ነበር። አንዱ ሰው ሁሉም የሚያውቀውን ዘፈን ምት በጣቱ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ ሌላው የየትኛው ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ ከዘፈኖቹ ግማሽ ያህሉ የሚታወቅ መስሏቸው ነበር። ከተመቱት 120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ናቸው። ለመቺው ዜማው በጆሮው እየተንቆረቆረ ነው፤ ሰሚው ጋ የሚደርሰው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ብቻ ነው። ሥልጠናዬን ሁልጊዜ በዚህ ጨዋታ እጀምር ነበር። ሳቁ ሲበርድ «እስቲ አሁን ኦፊስ አወር ምን እንደሆነ ለአዲስ ገቢ አስረዱ» እላለሁ። «መምህሩ ቢሮ የሚገኝበት ሰዓት ነዋ!» ይላሉ። ኳ፣ ኳ። ተማሪ ገብቶ እንዲጠይቅ የተመደበውን ኦፊስ አወር «መምህሩ ሥራ ላይ ስለሆነ እንዳይረበሽ» ብላ ተረድታ ሙሉ ሴሚስተር በበሩ ያላለፈች ልጅ አጋጥማኛለች። የጎደላት ጉብዝና እንዳይመስላችሁ። የነገራት ሁሉ ዜማውን በሆዱ ይዞ ጠረጴዛ ሲመታባት ነበር።

ለዚህ ደህና መላ ካገኙት አንዱ በ1973 እ.ኤ.አ. በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ካንሳስ ሲቲ የተጀመረው፣ በኋላም ወደ ብዙ አገር የተዛመተው የተማሪ ለተማሪ ድጋፍ ነው። እዚያ የሚመረጠው ነባር ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ይሆናል፤ ቢሆንም ክፍል ገብቶ ትምህርቱን ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ይከታተላል፣ ማስታወሻም ይይዛል። በጥናቱ ሰዓት ጥያቄ ሲመጣለት ወደ ቡድኑ ይመልሰዋል እንጂ ቆሞ አያስተምርም። ይበልጥ የወደድኩላቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ድጋፉን የሚመድቡት ብዙ ሰው ለሚወድቅበት ኮርስ ነው፤ ደካማ ተማሪ ብለው ማንንም አይለዩም። በር ላይ «የደካሞች ክፍል» ብላችሁ ብትለጥፉ ማን ይገባል? እኔ ራሴ አልገባም።

ከሥልጠናው ሁሉ ከባዱ የዝምታ ልምምድ ነው። ሁለት ሁለት ትሆናላችሁ፤ አንዱ አዲስ ገቢ ሆኖ ችግሩን ይናገራል፣ ሌላው ምክር ሳይሰጥ ሦስት ደቂቃ ያዳምጣል፤ መጠየቅ ብቻ ይፈቀድለታል። ሰዓት ይዤ በመካከላቸው ስዞር አብዛኛው አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። «እኔ ብሆን...» ብሎ ይጀምራል፤ ወይም ምክሩን ጥያቄ አልብሶ «ዶርም ብትቀይር አይሻልም?» ይላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እንዳየሁት ከሆነ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው ችግር መግቢያ ብቻ ነው፤ ዋናው የሚመጣው ዝም ስትሉለት ነው። ስለ ፎርም የጀመረ ስለ ቤቱ ሊጨርስ ይችላል።

«አይዞህ፣ ቀላል ነው» የምትሉትንም ተዉት። ለማጽናናት እንደሆነ አውቃለሁ። ልጁ ግን ሌሊቱን ሙሉ ካልኩለስ ሲታገል አድሯል፤ ቀላል ከሆነና እሱን ካቃተው ምን ብሎ ይደመድማል? ግሪጎሪ ዋልተን እና ጀፍሪ ኮኸን በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጡትን ጥናት ለሠልጣኞቼ ሳላነሳ አልቀርም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ነባሮቹ «እኛም ስንገባ እዚህ የማንመጥን ይመስለን ነበር፣ ከጊዜ በኋላ ተወን» ያሉትን አነበቡ፤ ነገሩ አንድ ሰዓት ገደማ የፈጀ ነው። የጥቁር አሜሪካውያኑ ተማሪዎች ውጤት በሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ከፍ ብሎ ታየ። ስለዚህ የወደቃችሁበትን ንገሯቸው። በአጭሩ ግን! የራሱን ታሪክ ጀምሮ ግማሽ ሰዓት የሚያስቀምጥ ሜንተር ስንቱን አይቻለሁ።

ማን ለማን እንደሚመደብም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ታራ ዴነሂ እና ኒላንጃና ዳስጉፕታ በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት 150 የኢንጂነሪንግ ሴት ተማሪዎችን ተከታትለዋል፤ ሴት ሜንተር ከተመደበላቸው መካከል በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ክፍሉን የለቀቀች አልነበረችም። ድልድሉን የምትሠሩ ከሆናችሁ በስም ፊደል ተራ አትደልድሉ።

ገንዘብ አታበድሩ፣ አሳይንመንት አትሥሩላቸው፣ ከተመደበላችሁ ሰው ጋር ፍቅር አትጀምሩ። ይህን መምሪያውም ይላል። ስለ ምስጢር ግን ልጨምር። «ለማንም እንዳትናገር፣ እሺ?» ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ። ከመጀመሪያው ቀን «የነገርከኝን ይዤ አልዞርም፤ ሕይወትህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም» በሉ። መሞትን የሚመኝ መስሎ ከተሰማችሁ በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ከዚያ የሥነ ልቦና አማካሪው ቢሮ ድረስ አብራችሁ ሂዱ። ቁጥር ሰጥታችሁ አትለዩት። እስኪወጣ ውጭ አግዳሚው ላይ ብትቀመጡ አንድ ክፍለ ጊዜ ያመልጣችሁ ይሆናል፤ ያምልጣችሁ።

ለሰርተፊኬቱ ብላችሁ የተመዘገባችሁ እንዳላችሁም አውቃለሁ። አልቆጣም፤ ለሰርተፊኬት መጥተው ጥሩ የወጣቸው ብዙ ናቸው።

በመጨረሻው ዓመቴ ካሠለጠንኳቸው መካከል አንዲት ዝምተኛ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። መራጮቹ «አትናገርም» ብለው ሊያስቀሯት ነበር። የመለማመጃ ተውኔቱን ስንሠራ አዲስ ገቢው እኔ ሆንኩ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሷም አንተ ልትለኝ አፈረች። እንደ ልማዴ «የዊዝድሮዋል ፎርም የት ነው የሚገኘው?» አልኳት። ከእሷ በፊት የሞከሩት ሁሉ መምሪያውን ገልጠው ገጹን ፈልገዋል። እሷ የያዘችውን መምሪያ ከደነችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ቦታውን አውቀዋለሁ፣ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች። «እስክንደርስ ግን ምን እንደገጠመህ ትነግረኛለህ?»

ተውኔቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የሚቀጥለውን መስመር ግን አጣሁት።