«ተይዟል» ከተባለ በኋላ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ አይስ (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፖሊስ) የያዘው ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የቤት ተጋሪ። አብዛኛው የመጣው ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬአለሁ፣ ስም አልጠራሁም። ጠበቃ እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ ጠዋት ለሥራ እንደወጣ ተያዘ። የአይስ ድረ ገጽ ላይ ስንፈልገው «የለም» ይለናል። ወዴት ወስደውት ነው?

ሰውየው አለ። የጠፋው ስሙ ሊሆን ይችላል። የአይስ እስረኛ መፈለጊያ የሚሠራው በኤ ነምበር (ኢሚግሬሽን ለሰውየው በሰጠው መለያ ቁጥር) እና በትውልድ አገር፣ ወይም በሙሉ ስምና በትውልድ አገር ነው። ስሙ ፋይሉ ላይ እንደሰፈረው ፊደል በፊደል ካልገባ አያወጣውም። የእኛን ስም ደግሞ ታውቁታላችሁ። «ገብረ ሥላሴ» አንድ ላይ ይጻፋል፣ ተለያይቶም ይጻፋል። የአባት ስም አንዱ ወረቀት ላይ መሐል ይገባል፣ ሌላው ላይ የቤተሰብ ስም ይሆናል። ፓስፖርቱ ላይ ስሙ በሙሉ በአንድ መስመር ከነበረ፣ የመጀመሪያ ስሙ ቦታ ላይ «ኤፍ ኤን ዩ» ተጽፎም ሊገኝ ይችላል፤ የመጀመሪያ ስም አይታወቅም ማለት ነው። አገሩንም ደግማችሁ እዩ። አስመራ ወይም ካርቱም የተወለደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያ ተብሎ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ክፍሉ ግቡና ወረቀቱን አገላብጡ። ከኢሚግሬሽን በመጣ ደብዳቤ ላይ በ«ኤ» የሚጀምር ቁጥር አለ። እሱ ከተገኘ የፍርድ ቤት ቀጠሮውንም በ1-800-898-7180 ደውላችሁ ትሰማላችሁ። ሜሪላንድ በ2021 ባወጣችው ሕግ ምክንያት የካውንቲ እስር ቤቶቿ ለአይስ እስረኛ አይዙም። ስለዚህ ቨርጂኒያ፣ ፋርምቪል ወይም ቦውሊንግ ግሪን ያለው የአይስ እስር ቤት ሊሆን ይችላል። ሉዊዚያና ወይም ቴክሳስ ቢወስዱትም አትደንግጡ፤ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል። በየቀኑ ፈልጉት።

ጥያቄ፦ ለእህቴ እንጀራና ዶሮ ወጥ ማስገባት እችላለሁ?

አትችይም። ሂሳቧ ላይ ገንዘብ አስገቢላት፤ ስልክም የምትደውለው በገንዘብ ነው። የጾም ምግብ ከፈለገች በሃይማኖት ምክንያት ብላ እዚያው በጽሑፍ ትጠይቅ። አንቺ ወረቀት ከሌለሽ ግን ልጠይቃት ብለሽ በሩ ድረስ እንዳትሄጂ። አደራ።

ጥያቄ፦ (ከአንድ አባት) ልጄ ጥገኝነት ጠይቆ ሳለ ተያዘ። ኤምባሲያችን ሄጄ ላመልክት?

ይቆዩ፣ አባቴ። የጥገኝነት ማመልከቻ ምሥጢር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ለአገሩ መንግሥት እንዳይነግር ደንብ አለበት። ልጅዎ ከአገሩ መንግሥት ሸሽቻለሁ እያለ እርስዎ ሄደው ሊነግሩለት ነው? ፓስፖርት የሌለውን ሰው ለመመለስ ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚያገለግል የጉዞ ወረቀት) የሚሰጠውም ኤምባሲ ነው። ጠበቃው «ይሂዱ» ካላለ ንክች አያድርጉት።

ጥያቄ፦ ቦንድ (የዋስትና ገንዘብ) ከፍለን ብናስወጣው ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ተበላ?

ቀጠሮውን ሁሉ ካከበረ ጉዳዩ ሲያልቅ ይመለሳል። የሚመለሰው በከፋዩ ስም ነውና ያዋጣችሁ ሰዎች መጀመሪያ በጽሑፍ ተስማሙ፤ በዚህ የተቀያየመ ወዳጅ አይቻለሁ። ከፋዩ ወረቀት ያለው ሰው ይሁን። በሕግ ትንሹ ቦንድ 1,500 ዶላር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ከባዱ ነገር ይመጣል። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በመስከረም 2025 (በፈረንጆቹ) «ድንበር ላይ ሳይፈተሽ የገባ ሰው ቦንድ አይገባውም» ብሎ ወሰነ። ከብራዚል ተነስቶ ጫካውን አቋርጦ በሜክሲኮ የገባው የእኛ ልጅ ብዙ ስለሆነ ይህ በቀጥታ ይነካናል። ብዙ የፌዴራል ዳኞች ግን አልተቀበሉትም፤ በሄቢየስ ኮርፐስ አቤቱታ (እስሩ ሕጋዊ መሆኑን የፌዴራል ዳኛ እንዲመረምር በሚጠይቅ) የተለቀቁ አሉ። ይህን አቤቱታ የሚያቀርበው ጠበቃ ነው። እኔም፣ ዩቲዩብም፣ የአክስትህ ልጅም አይደለንም። ዲሲ ያለው አሚካ ሴንተር በዚህ አካባቢ ለታሰሩ ሰዎች በነጻ ይሠራል፤ ዛሬውኑ ደውሉ።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያናችን ለታሰረ ልጅ ገንዘብ ሲሰበስብ አንድ ሽማግሌ ተነስተው «መጀመሪያ ምን አጥፍቶ እንደታሰረ ይጣራ» አሉ። ግማሹ ሰው አጨበጨበ። ማን ልክ ነው?

ያጨበጨበው ሰው ልክ አይደለም። እኛ ሰው ሲሞት እናውቅበታለን። ማታ ተሰማ፣ በማግስቱ የመዋጮ ዝርዝሩ ይዞራል። ሬሳው ቦሌ እስኪደርስ ማንም «እንዴት ሞተ? ወረቀት ነበረው?» አይልም። በሕይወት ያለው ልጅ ሲታሰር ግን ሹክሹክታ ነው። ቤተሰቡም ያፍርና «ሌላ ስቴት ሄዷል» ይላል። የኢሚግሬሽን እስር የወንጀል ቅጣት አይደለም፣ የአስተዳደር ጉዳይ ነው። በዚሁ ምክንያት ነው መንግሥት ጠበቃ የማያቆምለት። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ጠበቃ ይቆምለታል!

ገንዘቡ ጥሩ ነው፤ ለጠበቃ ይሁን። ነገር ግን ከገንዘብም የሚከብድ ነገር በእጃችሁ አለ። ቦንድ የሚያየው ዳኛ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ለሰው አደገኛ ነው? ቢለቀቅ ቀጠሮው ላይ ይመጣል? ይህን ሊመሰክር የሚችለው የሚያውቀው ሰው ነው። የሚደርሱኝን ደብዳቤዎች አያለሁ፦ «ትሑት፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው።» ዳኛው በዚህ ምን ያድርግ? እንዲህ ጻፉ፦ «ከ2022 ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዘወትር እሑድ አብረን እናገለግላለን። ሲለቀቅ እኔ ቤት ያድራል፤ የቤት ኪራይ ውሌና የመኖሪያ ፈቃዴ ቅጂ ተያይዟል። ወደ ፍርድ ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ።» ስልክ ቁጥር፣ ፊርማ። አሥር ሰው እንዲህ ቢጽፍ ጠበቃው የሚይዘው ነገር አገኘ።

የቦንድ ችሎት ብዙውን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ሄዳችሁ ተቀመጡ። የጥገኝነቱ ችሎት ግን አመልካቹ እንዲዘጋ ከጠየቀ ይዘጋል። መድረክ ላይ ስሙን መጥራት ቤተሰቡ ከፈቀደ ጥሩ፤ ታሪኩን ግን ለማንም አታውሩ። ደግሞ «የማን ወገን ነው?» የምትል ጥያቄ በየማኅበሩ ሾልካ እየገባች ነው። ኦሮሞ ይሁን አማራ፣ ትግሬ ይሁን ኤርትራዊ፣ የፋርምቪል ዘበኛ አይለየንም።

ጥያቄ፦ አንዲት የምናውቃት ሴት በርካሽ የጥገኝነት ፎርም ትሞላለች። ጠበቃ ውድ ነው። ይሻላል?

አይሻልም። ይህችን አትደራደሩኝ። የአንዱን ታሪክ ለሌላው እየገለበጠ የሚሞላ ሰው አለ፤ ፈርሞ የሚጠየቀው አመልካቹ ነው። የልደት ቀን ከእኛ ዘመን አቆጣጠር ወደ እነሱ ሲዛወር አንድ ስህተት ከገባ እንኳ «ዋሽቷል» ለማለት በቂ ሰበብ ይሆናል። ጠበቃ ካልቻላችሁ ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ያለው ተወካይ ፈልጉ፤ ዝርዝሩ ድረ ገጻቸው ላይ አለ። ማመልከቻው አሜሪካ በገባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ መግባት እንዳለበትም አትርሱ።

ጥያቄ፦ ጉዳዩን በቲክቶክ ላይቭ ብናወጣው ጫና ይፈጥራል?

ጠበቃውን ጠይቁ። እስከዚያው ስልካችሁን አስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ኬዝ አለኝ፤ ባለፈው ወር ቤት ቀየርኩ። ማሳወቅ አለብኝ?

አለብህ፤ ለፍርድ ቤቱ በ5 ቀን፣ ለኢሚግሬሽን ቢሮው በ10 ቀን ውስጥ ነበር። የቀጠሮ ደብዳቤ አሮጌው ቤት ገብቶ ከቀረህ በሌለህበት ይፈረድብሃል። አሁኑኑ ሂድና የአድራሻ ለውጥ ፎርሙን ሙላ፤ ቀሪውን ጥያቄህን በሌላ ጊዜ እመልስልሃለሁ።