አሳችን ውሃው ላይ አፏን እየከፈተች ነው፣ መድሃኒት ልጨምርላት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የምጽፍላችሁ ከለገጣፎ ነው። ለልጄ 2 ጎልድፊሽ ገዝተንላት ነበር፣ አኳሪየሙ 40 ሊትር ይይዛል። አንዷ ሞተች፣ የቀረችውም ላይ ላዩን እየዋኘች አፏን ከፈት ዘጋ ታደርጋለች፣ ስንጥቧ (የምትተነፍስበት) ቀልቷል። ንጽህናዋን እጠብቃለሁ፣ እሁድ እሁድ ጠጠሩንም ፊልተሩንም በሳሙና አጥቤ ውሃውን ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ። የሸጡልን ሰዎች ሰማያዊ ጠብታ ጨምሪ አሉኝ፣ ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ እህቴ ጠብታውን ለጊዜው ተይው፣ የጻፍሽልን ምልክት በሙሉ የውሃ ችግር ነው የሚመስለው፣ ጎልድፊሽ ደግሞ ጠንካራ ናት፣ ውሃው ከተስተካከለላት የመዳን እድሏ ጥሩ ነው።

አሳ በስንጥቧም በኩሷም አሞኒያ የሚባል መርዝ ታስወጣለች፣ ውሃው ጥርት ብሎ እያየሽው ስንጥቧን ያቃጥላታል። ይሄን አሞኒያ የሚያጠፉላት የፊልተሩ ስፖንጅና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፣ መጀመሪያ ናይትራይት ያደርጉታል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ከዛ ሌሎቹ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል፣ እሱ ካልበዛ ብዙም አይጎዳትም። በቂ ሆነው እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅባቸዋል፣ እና በየሳምንቱ በሳሙና ሲታጠቡ ሁሌም ከዜሮ እየጀመሩ ነው ማለት ነው። ሰማያዊው ጠብታ ሜትሊን ብሉ የሚባለው የአሳ መድሃኒት ከሆነ እሱም እነሱኑ ይጎዳል።

ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ የውሃውን ሲሶ ብቻ ቀይሪ። ከቧንቧ ቀጥታ እንዳትጨምሪ፣ ክሎሪን አለው። በባልዲ ወይ በሳፋ ቀድተሽ ሳትከድኚ 24 ሰአት እቤት ውስጥ አስቀምጪው፣ ክሎሪኑ ይተናል፣ ቅዝቃዜውም ከአኳሪየሙ ጋር ይቀራረባል። ጀሪካን ውስጥ ተከድኖ የከረመውን ግን እንደተቀመጠ አትቁጠሪው። ስፖንጁን ደግሞ ከአኳሪየሙ በቀዳሽው ውሃ ብቻ ለቅለቅ አድርጊው፣ ሳሙና ከነጭራሹ ይቅር።

ለ2 ቀን ምግብ አትስጫት። ልጅሽ ታዝን ይሆናል ግን አሳዋ በዚህ አትሞትም፣ ባልበላች ቁጥር የምታስወጣው አሞኒያም ይቀንሳል። ከዛ በኋላ በ2 ደቂቃ የምትጨርሰውን ያህል ብቻ፣ የዳቦ ፍርፋሪ ይቅር።

ጨውም ይረዳታል፣ በሊትር 1 ግራም፣ ላንቺ 40 ግራም ማለት ነው፣ በውሃ በጥብጠሽ ቀስ እያልሽ ጨምሪ፣ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥቧ እንዳይገባ ያግድላታል። ውሃ ስትቀይሪ ታዲያ ለቀየርሽው ያህል ብቻ ነው ጨው የምትጨምሪው፣ ጨው አይተንም።

ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ከፍታችንን ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን በባህር ጠረፍ ካለ ተመሳሳይ ሙቀት ካለው ውሃ ሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ነው እዚህ አገር ኤር ፓምፕ (ውሃው ውስጥ አየር የሚነፋው) ቅንጦት አይደለም የምንለው፣ በተለይ ስንጥቧ ለተጎዳ አሳ። መብራት ሲጠፋ በኩባያ እየጨለፍሽ ከፍ አድርገሽ መልሰሽ አፍስሺው፣ በየተወሰነ ደቂቃው። ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ስለሚፈልጉ ፊልተሩ ብዙ ሰአት ጠፍቶ ከቆየ ከማብራትሽ በፊት ስፖንጁን ለቅለቅ አድርጊው፣ ውስጡ የሞተው ነገር ተመልሶ ይበክላታል።

ሌላ አሳ አሁን እንዳትገዙ፣ 40 ሊትር ለአንዷም ጠባብ ነው፣ ስታድግ 20 ሴንቲሜትር ልትደርስ ትችላለች። ከሳምንት በኋላ ውሃው ተስተካክሎ ሳለ ገላዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወይ ጥጥ የሚመስል ነገር ካየሽ ያኔ ስለ መድሃኒት እናወራለን፣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልን።