ስለ ደቻቱ ዳር ጠይቁኝ

ሥራዬ የመሬት ገጽታ ንድፍ ነው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ በዚያ ሌሊት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደብን። ስለዚህ ከየሰፈሩ የምትጠይቁኝን በጥንቃቄ እመልሳለሁ።

ከገንደ ቆሬ፦ የወንዙን ዳር ግንብ ከፍ አድርጎ መገላገል አይሻልም?

ግንብ ያስፈልጋል። ግን ወንዙን ባጠበብነው ቁጥር ውሃው ይፈጥናል። የፈጠነ ውሃ የግንቡን እግር ይቦረቡራል፤ ጣጣውም ለታችኛው ሰፈር ይተርፋል። ቦታ ባለበት ዳሩን በእርከን ዝቅ እያደረጉ መክፈት ነው። ላይኛው እርከን ለእግረኛና ለዛፍ ጥላ፣ መሃለኛው ለኳስ ሜዳ ይሁን። ጎርፉ ሜዳውን ይዋጠው፤ ሲያልፍ ደለሉ ተጠርጎ ጨዋታው ይቀጥላል። መቀመጫው ከውሃው አካሄድ ጋር ትይዩ ይሁን። ፊት ለፊት የቆመ አጥር ግንድና ቆሻሻ ይዞ ግድብ ይሆናል። መውጫ ደረጃም በቅርብ በቅርብ ይኑር። ሰው የሚያድርበት ነገር ግን እዚያ አይሠራም!

ከሳቢያን፦ እንደ ሲንጋፖሩ ቢሻን ፓርክ ለምን አይሆንም?

እዚያ 2.7 ኪሎ ሜትር የኮንክሪት ቦይ አፍርሰው 3.2 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወንዝ አደረጉት። ግን ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው። የእኛ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሣሩን በበጋ ማን ያጠጣል? እኔ የምወስደው ማስጠንቀቂያውን ነው። ውሃው ሲጨምር መብራት ይበራል፣ ሳይረን ይጮኻል። የእኛ የውሃ መለኪያ ደግሞ ከከተማው በላይ፣ ወደ ደንገጎ ተራራ በኩል መቀመጥ አለበት። ዝናቡ ላይ ሲወርድ ድሬ ሰማዩ ጥርት ብሎ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል።

ከመጋላ፦ ምን ዛፍ?

ግራርና ቁርቁራ፣ ከዳር። ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ መጤ ዛፍ በፍጹም።

ከቀፊራ፦ አሸዋው ላይ የሚሸጡትስ?

ከአዲስ ከተማ፦ ይነሱ አቦ! ሕይወት ይበልጣል።

ከቀፊራ፦ እናቴ እዚያ ሸጣ ነው ያሳደገችኝ። አንተ የት ትወስዳቸዋለህ?

ከአዲስ ከተማ፦ በ1998 ጎረቤቶቼን ቀብሬያለሁ። ለዚህ ነው የምለው።

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ በዚህ አትጣሉ። ቀን በተነቃይ ዳስ ይሸጡ፤ ሳይረን ሲጮኽ ዕቃውን ጥለው ይውጡ። ማታ ማንም እዚያ አይደር።

ከሳቢያን፦ ስንት ብር ይፈጃል?

የቱ ቦታ? ስንት ሜትር? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም።

ከገንደ ቆሬ፦ ታዲያ ግንቡ ይቅር ነው የምትለው?

አላልኩም። መልሱ ከላይ አለ፤ እባክህ አንብበው።

ከመጋላ፦ አሸዋ አውጪዎቹስ?

ይህን ቀድማችሁ መጠየቅ ነበረባችሁ። ከግንቡ ሥር አሸዋ ሲዛቅ መሠረቱ ይራቆታል። ቀጣዩ ደራሽ የሚጀምረው ከዚያች ጉድጓድ ነው።